አምስት መቶ ካሬ

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ከሐኪም አንድ ጽሑፍ ይኑረን» ብለው ሲደውሉልኝ ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት እንደምልክላቸው ሳይገምቱ አልቀሩም። በዚያ ርዕስ ከእኔ የተሻሉ ጸሐፊዎች በ1997 ዓ.ም. ከተመረቅነው መካከል ሞልተዋል፤ ለእነሱ ትቼዋለሁ። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ 500 ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47፣ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ቤት የሚፈቀደው የከተማ ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ገደበ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይኖረውም አለ። ይኸው ሃምሳ ዓመት ሆነው። አዋጁን የአንዳንዶቻችን ወላጆች በደስታ፣ የአንዳንዶቻችን ወላጆች በለቅሶ ነው የሚያስታውሱት፤ ከሁለቱም ወገን የመጣን ልጆች ግን ጎንደር ላይ አንድ ዶርም ተኝተናል። ዛሬ በየከተማው «በአንድ ቦታ ላይ ስንት ቤት ይሠራ? ስንት አባወራ ይኑርበት?» እየተባለ የሚነሣው ክርክር ሥሩ እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ክርክሩ የመሐንዲሶችና የማዘጋጃ ቤት ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ውጤቱ ግን ተሰልፎ የሚጠብቀን በእኛው ተመላላሽ ክፍል በር ላይ ነው።

ከአገሬ ልጀምር። ሉማሜን ለማታውቁ፦ ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ዓባይ በረሃን ወርዳችሁ ወጥታችሁ፣ ደጀንን አልፋችሁ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄዱ የምታገኟት የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። አብዛኞቻችሁ ወደ ጎንደር ስትመላለሱ በአውቶብስ መስኮት አይታችኋታል፤ ተኝታችሁ ካላለፋችኋት ማለቴ ነው። የመንገድ ዳር ከተማ እንደ መሆኗ ግቢዎቿ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዙረዋል። ፊት ለፊት ሱቅ ወይም ጠላ ቤት ወይም ሻይ ቤት አለ፤ ከኋላው መኖሪያው፣ ከዚያ ማድ ቤቱ፣ ከዚያ ጓሮው፦ ጌሾ፣ ጎመን፣ ጥቂት ባሕር ዛፍ፣ የበግ ጋጣ፤ ጥግ ላይ ሽንት ቤት። ከከተማው ወጣ ሲሉ ወዲያው የጤፍ ማሳ ነው። ይህን የጤፍ ማሳ ያዙልኝ፤ በኋላ እፈልገዋለሁ።

የምሥራቅ ጎጃም ሰው ከሜትር ጋር የቆየ ጠብ አለው። በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲያውጅ የጎጃም ገበሬ አመፀ፤ ቢቸናና ሞጣ ከአመፁ ዋና ዋና ቦታዎች ነበሩ። ገበሬው የፈራው ብሩን ብቻ አልነበረም። መሬቱ ከተለካና በአንድ ሰው ስም ከተጻፈ ርስቱ ያከትማል፣ ነገ ጭሰኛ እንሆናለን ብሎ ነው። ርስት ማለት ከአንድ አቅኚ አባት የተወለደ ሁሉ በእናትም በአባትም ቆጥሮ ድርሻዬን የሚልበት ሥርዓት ነበር፤ ድርሻው እያነሰ፣ ማሳው እየቀጠነ ይሄዳል እንጂ ማንም ባዶ እጁን አይቀርም። ጦር ተላከ፤ ከአየርም ተደበደበ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ።

ይህ በሆነ በሰባት ዓመቱ ሁለት አዋጆች ተከታትለው መጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠሩ መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማው ተከተለ። አያቶቻችን አናስለካም ብለው የተዋጉለት መሬት በአንድ ክረምት በሜትር የሚነገር ነገር ሆነ። ቁጥሩ ከሕግ መጽሐፍ ወጥቶ የአፍ ቋንቋ እስኪሆን ጊዜ አልፈጀበትም። ዛሬ ሉማሜም ሆነ ማርቆስ ስለ አንድ ቤት ስትጠይቁ መጀመሪያ የምትሰሙት «ስንት ካሬ ነው?» የሚለውን ነው።

የአዲስ አበባው መንገድ ሌላ ነበር። ከተማዋ ስትቆረቆር ዳግማዊ ምኒልክ ለመኳንንቱ በየኮረብታው ቦታ ሰጡ፤ ባለማዕረጉ መሃል ላይ፣ ጭፍራውና አገልጋዩ ዙሪያውን ሰፈረ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ቅሪት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1907 በወጣው ደንብ ቦታው የግል ሀብት ሆኖ መሸጥና መለወጥ ቻለ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ነጭና ጥቁር የሚለይ ፕላን አወጣ። ከዚያ በኋላ የለንደንን ፕላን የነደፉት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ሳይቀሩ እ.ኤ.አ. በ1956 ለአዲስ አበባ ፕላን ሠርተዋል። ፕላኑ አውራ ጎዳናና አረንጓዴ ቦታ ሲያሰላ፣ ባለግቢው ደግሞ በአጥሩ ዳር ዳር የጭቃ ክፍል እየደረደረ ለመጤ ያከራይ ነበር። ሰርቪስ ቤት የምንለው በመጀመሪያ የአሽከርና የገረድ ማደሪያ የነበረው ነው፤ ቀስ በቀስ የከተማው ትልቁ የኪራይ ቤት አቅርቦት ሆነ። ማንም በፕላን አላሰበውም፤ ግን የከተማው ሕዝብ ያደረው እዚያ ነው።

አዋጅ 47 ያደረገውን በዚህ ዓይን እንየው። ባለቤቱ አንዱን ቤት መርጦ ያዘ፤ ሌላው «ትርፍ ቤት» ተባለ። ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የነበረው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው በመንግሥት ወደሚተዳደሩት ኪራይ ቤቶች ሄደ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ ተቀነሰ። ተከራዩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ትናንት አንድ ባለቤትና አራት ደባል የነበረበት ግቢ፣ ዛሬ አምስት እኩል መብት ያላቸው አባወራዎች የሚኖሩበት ግቢ ሆነ። በአንድ ቦታ ላይ ብዙ ቤት መፍቀድ የሚባለው ነገር በአገራችን የመጣው በዞኒንግ ደንብ ሳይሆን በወረሳ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ በአንድ ቀን የተደረገበት ብዙ አገር ያለ አይመስለኝም።

ለተከራዩ ትልቅ ነገር ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገ ውጣ የሚለው የለም። የድሃ ልጅ ከከተማ እምብርት ሳይባረር፣ ከትምህርት ቤትና ከሆስፒታል ሳይርቅ አደገ። ከእኛ መካከል ስንቱ የቀበሌ ቤት ልጅ ነው! ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ቤቱን ማን ይጠግን? በሰፈራችን ሉማሜ ጠላ ሸጠው፣ ብር በብር ላይ ደርበው ሦስት ክፍል ያሠሩ እናት ነበሩ፤ አስተማሪና ድሬሰር ነበር ተከራዮቻቸው። ክፍሎቹ ትርፍ ቤት ሆኑ። እኔ ነፍስ ሳውቅ እሳቸውን ጨምሮ አምስት አባወራ በዚያ ግቢ ነበር፤ ማድ ቤቱ ሳይቀር ሰው ገብቶበታል። ጣሪያው ሲያፈስ እሳቸው «የእኔ አይደለም» ይላሉ፣ ተከራዩ «የእኔ አይደለም» ይላል፣ ከዓመት ዓመት የማይጨምረው ኪራይ ደግሞ ቆርቆሮ የሚገዛ አልነበረም። ሽንት ቤቱ አንድ ነው። ሲሞላ ማን ያስቆፍር የሚለው ክርክር ከእኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ዕድሜ በላይ ቆይቷል። ለነገሩ ጠበኞች አልነበሩም፤ ቡናው አብሮ ይጠጣል፣ ለቅሶው አብሮ ይለቀሳል። ግን አንዱ ተቅማጥ ሲይዘው አምስቱም ቤት ይይዘዋል።

እዚህ ላይ የሙያዬን ነገር ላምጣ። ጥግግትና መጨናነቅ አንድ አይደሉም። ጥግግት በአንድ ካሬ መሬት ላይ ስንት ሰው አለ የሚለው ነው፤ መጨናነቅ በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ያድራል የሚለው ነው። አሥር ቤተሰብ በአንድ ግቢ ፎቅ ሠርቶ፣ ለየክፍሉ መስኮት አውጥቶ፣ ቧንቧና ፍሳሽ አስገብቶ ጤናማ ሆኖ ሊኖር ይችላል። አምስት መቶ ካሬ ላይ ብቻውን የቆመ አንድ ጎጆ ውስጥ ደግሞ ስምንት ሰው ከጭስ ጋር ሊተኛ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ የሚቆጥረው ሁለተኛውን ነው። ካሬ ሜትር አያውቅም፤ የሚያውቀው አብሮ የተተነፈሰውን አየር ነው።

ጎንደር የተማርን ይህን ልንዘነጋው አይገባም። ትምህርት ቤታችን እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተው በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው በጨረሰ ማግስት ነው፤ መጀመሪያ ያወጣውም ሐኪም ሳይሆን ጤና መኮንን፣ የሕብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነው። ሦስቱ በቡድን ሆነው ወደየጤና ጣቢያው ይወጡ ነበር። ሳኒታሪያኑ ሜትር ይዞ ከግቢ ግቢ የሚዞር ሰው ነበር። በእጁ ካሉት ደንቦች አንዱ፦ ሽንት ቤትና የውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራራቁ። እስኪ አስሉት። 500 ካሬ ቦታ 20 በ25 ሜትር ቢሆን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ርቀት 32 ሜትር ነው። ሽንት ቤቱ በአንዱ ጥግ፣ ጉድጓዱ በትይዩው ጥግ ከሆነ ደንቡ ለጥቂት ይሟላል፤ የጎረቤትን ሽንት ቤት ሳንቆጥር! ቦታው 250 ከሆነ በዚያ ቅርጽ አይሞከርም። ስለዚህ በአንድ ቦታ ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤት ይፈቀድ የሚል ሰው መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ የውበትም የጎረቤት ቅሬታም አይደለም። የቧንቧ ውኃ አለ ወይ? ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል? የሚለው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ መስኮት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ከተማ አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት አክታው ተመርምሮ ነቀርሳ ተገኘበት። በወሩ አብሮት የሚያድር ልጅ መጣ፤ ቀጥሎ ከግድግዳው ማዶ ያለች እናት ሕፃኗን አዝላ መጣች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤታቸውን አይታ የነገረችኝ እንዲህ ነው፦ ከአጥር ጋር ተለጥፈው የተሠሩ ስድስት ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው 3 በ3 ሜትር፣ በአንዱ አራት ወጣቶች፤ መስኮት የለም። ለምን የለም? የክፍሎቹ ጀርባ የግቢው ወሰን ስለሆነ ነው። ወደ ጎረቤት መስኮት አይከፈትም። ፊቱ በር ብቻ ነው፤ በሩ ደግሞ ሌሊት ይዘጋል። ይህን የምታነቡ ሁሉ እንዲህ ያለ ረድፍ ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ተማሪ ሳላችሁ ተከራይታችሁበታል፤ አንዳንዶቻችሁ ዛሬ ታከራዩበታላችሁ። ረድፉ በካርታም በግንባታ ፈቃድም ላይ ብዙ ጊዜ የለም። ስለሌለም የሚቆጣጠረው የለም። ፈቃድ መከልከል ቤቱን አላስቀረውም፤ መስኮቱን ብቻ ነው ያስቀረው።

ከባሕር ማዶ ያለው ታሪክ የሚደንቀኝ የእኛ ሙያ የተጫወተበት ድርሻ ነው። ሮበርት ኮክ የነቀርሳን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1882 ካሳወቀ በኋላ የሐኪሞች ድምፅ በቤት ሕግ ውስጥ ከፍ አለ። ኒው ዮርክ በ1901 ባወጣችው ሕግ አዲስ የሚሠራ የኪራይ ቤት በየክፍሉ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮትና ለየቤቱ መጸዳጃ እንዲኖረው አስገደደች። ይህ ለሙያው የሚያኮራ ነው። ግን «ጤና» የሚለው ቃል ሌላም ሥራ ተሠርቶበታል። በሴራሊዮን ፍሪታውን እንግሊዞች ወባን ምክንያት አድርገው ለነጮች ብቻ የሚሆን ሰፈር በኮረብታ ላይ ሠሩ። አሜሪካ ውስጥ በርክሌይ ከተማ በ1916 በአንድ ቦታ ላይ አንድ ቤት ብቻ የሚፈቀድበት ክልል ከለለች፤ ሌሎች ከተሞች ተከተሉ፤ በ1926 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው አሠራሩን ሲያጸድቅ የአፓርታማ ሕንፃን «ፓራሳይት» ብሎ ገለጸው። ጥገኛ ተሕዋሲ ማለት ነው እንግዲህ፤ ከእኛ ላብራቶሪ የተወሰደ ቃል። በተግባር ክልከላው ያራቀው በሽታን አይደለም፤ ድሃንና ጥቁርን ነው።

ያ አጥር አሁን እየፈረሰ ነው። የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ባጸደቀው ፕላን በማንኛውም የመኖሪያ ቦታ ላይ እስከ ሦስት ቤት እንዲሠራ ፈቀደ። የኒውዚላንዷ ኦክላንድ በ2016 አብዛኛውን የመኖሪያ ቦታዋን ለተጨማሪ ቤት ከፍታ ግንባታው በእጅጉ ጨመረ። ኦሬገንና ካሊፎርኒያም ሕግ አውጥተዋል። ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው እዚያው ሚኒያፖሊስ ነው። ዜናውን የነገረኝ ቀን «እታለም፣ እዚህ አገር በአንድ ግቢ ሦስት ቤት ተፈቀደ ብለው ጋዜጣ አወጡ» ሲለኝ ሁለታችንም እነዚያ ጠላ ሻጭ እናት ትዝ አሉንና ስንስቅ ስልኩ ተቋረጠ። እሳቸው ግቢ አምስት ነበረ፤ ምክር ቤትም አልተሰበሰበበት። ወንድሜ ኋላ የጨመረልኝ ነገር ግን ቁም ነገር ነው፦ ከፈቃዱ በኋላ በከተማው የተሠራው አዲስ ቤት በአብዛኛው በአውቶብስና በባቡር መስመር ዳር የቆሙ ትልልቅ አፓርታማዎች ናቸው እንጂ በየግቢው የተጨመሩት ሦስት ሦስት ቤቶች ጥቂት ናቸው። ፈቃድ ብቻውን ቤት አይሠራም፤ ብድር፣ መሬትና የሚሠራበት ምክንያት ያስፈልገዋል።

በእኛ አገር ከአዋጅ 47 ወዲህ ትልቁ ሙከራ ኮንዶሚኒየም ነው። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 በ1995 ወጣ፤ እኛ በምንመረቅበት ሰሞን አዲስ አበባ ግንባታውን ጀምራ ነበር፤ ከዚያ ወደ ክልል ከተሞች ተዳረሰ። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች፣ ዕጣ፣ 30 በመቶው ለሴቶች የተመደበ። ሰው በመስኮቱ ይቀልዳል፣ በግድግዳው መሳሳት ይቀልዳል፤ እኔ ግን አልቀልድበትም። ለየቤቱ መጸዳጃ አለው። ለየክፍሉ መስኮት አለው። ጉዳይ የሚሆነኝ ሌላው ነው፦ ሊፍት የለውም፤ ስትሮክ የመታቸው አባት አራተኛ ፎቅ ላይ ታስረው ይቀራሉ፤ ለክትትል የሚመጡት ሁለት ልጅ ተሸክሟቸው ነው። የጋራ ማብሰያና ማረጃ ቤት መሥራታቸው ግን የሐበሻን ኑሮ ያየ ሰው እንዳሰበበት ያሳያል፤ በርበሬ ለመደለዝና በግ ለመጣል የሚሆን ቦታ በየትኛው የውጭ ፕላን ላይ ይገኛል? ትልቁ ጉድለት ቦታው ነው። ልደታን የመሰሉ በመሃል ከተማ የተሠሩ ቢኖሩም ብዙው ሄዶ የቆመው በከተማው ጫፍ በእርሻ ላይ ነው፤ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ። የመሃሉ ግቢ እንዳለ ቀረና ወይ አረጀ ወይ ፈረሰ። ቀስ ብሎ፣ ነዋሪውን ሳይበትን፣ በየግቢው አንድ አንድ ቤት እየጨመሩ ማሳደግ የሚባለው መንገድ በቅጡ አልተሞከረም።

አሁን ወደ ሉማሜ ልመለስና ጤፉን ላንሣ። ከተማ ሲያድግ ሁለት መንገድ አለው፤ ወደ ውጭ ወይም ወደ ላይና ወደ ውስጥ። ወደ ውጭ ማለት ማሳ ነው። በማሳው ላይ ያለው ሰው ደግሞ ባዕድ አይደለም፤ የአክስቴ ልጆች፣ የእናንተም የአጎት ልጆች ናቸው። ካሳ ይከፈላል፤ ግን ለእርሻ የተከፈለ ካሳ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ዕድሜ አያዘልቅም። ክሊኒክ ውስጥ እንቅልፍ እንቢ አለኝ፣ ምግብ አልበላ አለኝ ብሎ የሚመጣ ሽማግሌ ገበሬ ሲያጋጥመኝ አሁን አሁን ከላብራቶሪው በፊት «መሬትዎ አለ ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። በጥቁር አፈር ላይ ያለ አንድ የጤፍ ማሳ አንዴ ቤት ከተሠራበት ተመልሶ ጤፍ አያበቅልም። በከተማው ውስጥ ግን ግማሹ ባዶ የሆነ፣ ሁለት ሽማግሌ ብቻ የሚኖሩበት 500 ካሬ ግቢ ስንት አለ!

ያም ግቢ ያልተነካው ሰው ስላልፈለገ አይደለም። የእኛን ቤት ልንገራችሁ። አባታችን ካረፉ ወዲህ አራት ወራሾች ነን። ግቢው በትክክል 20 በ25 ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ሁሉም ያሰበው አንድ ነገር ነው፦ አራት ቦታ ሰንጥቆ እያንዳንዱ ወደ አስፋልቱ ፊት ይኑረው። ይህ 5 ሜትር በ25 ሜትር የሆነ አራት ልጥ ነው። ማን ሰማችሁ? ርስት ነው ይሄ! አያቶቻችን ማሳ የተከፋፈሉበት መንገድ ነው፤ ለማረሻ ይሆናል፤ ለቤት ግን ጎንና ጎኑ ወሰን ስለሆነ መሃሉ ክፍል መስኮት አልባ ይሆናል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ከተማ ለአንድ ቦታ የሚፈቅደው አነስተኛ ስፋት ስላለ ቅጥነቱ ካርታ ላያሰጥ ይችላል። ሽጠን እንካፈል ያለም ነበረ፤ ግን በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 እንደሚለው ነባር ይዞታ በውርስ ካልሆነ በቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል፤ ይህም በገዢው ዋጋ ላይ ይንጸባረቃል። መሬቱማ ሕገ መንግሥቱ እንዳለው አይሸጥም፤ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው፤ የእኛ ቤት ደግሞ የሚያወራለት የጭቃ ቤት አይደለም።

እኔ ያቀረብኩት ሌላ ስሌት ነው። 10 በ15 ሜትር የሆነ አንድ ሕንፃ፣ ሁለት ደርብ። ታች ሁለት ቤት፣ ላይ ሁለት ቤት፤ ደረጃና ግድግዳ ከተቀነሰ ለያንዳንዱ ከ65 ካሬ የማያንስ። መሬት ላይ የሚይዘው 150 ካሬ ብቻ ነው፤ 350 ካሬ ግቢ ይቀራል። በአራቱም በኩል መስኮት ይከፈታል። አንድ ሴፕቲክ ታንክ ለአራቱም። ሰርቪስ ረድፍ ከአጥር ጋር አይለጠፍም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የጋራ ባለቤትነትን ያውቃል፤ የማያውቀው ልማዳችን ነው፤ «የጋራ» ስንል የቀበሌው ሽንት ቤት ትዝ ይለናል። ታላቅ ወንድሜም ያለኝ ይህንኑ ነው፦ «ዶክተር፣ የጋራ የሆነ ነገር ማን ያጸዳዋል?» በእሱ አልፈርድም፤ ያደገው እዚያው ሰፈር ነው። መልሱ በወረቀት ላይ የጽዳትና የጥገና መዋጮ መጻፍ ነው፤ ዕድርን ያቋቋመ ሕዝብ ለአራት ቤት መዋጮ አያቅተውም።

የአዲስ አበባው መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል ክፍፍል አለው፤ ሌሎች ከተሞችም ይህንኑ እየጠቀሱ ነው። ለከተማ ጥሩ ነው። ለግቢ ግን ከፐርሰንት በፊት ሦስት ነገር ብቻ በደንብ ቢጻፍ እመርጣለሁ፦ ለየመኝታ ክፍሉ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት፣ ለየቤቱ መጸዳጃ፣ የፍሳሹ መድረሻ። እነዚህን ያሟላ በአንድ ቦታ ላይ አራትም ይሁን ስድስት ቤት ይሥራ፤ ያላሟላ በአንድ ሺህ ካሬ ላይ አንድም አይሥራ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። የሚመዘግበው ባለሙያ መዝገቡ ላይ ስለ ኪራዩ ብቻ ሳይሆን «መስኮት አለ? የለም?» የሚል አንድ ዓምድ ቢጨምር፣ ስድስቱ ክፍሎች ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ላይ ይታያሉ። የሕብረተሰብ ጤና መምህራኖቻችን ለተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የምትፈልጉ ከሆነ ይኸው፤ የጎንደር ሳኒታሪያኖች ያደርጉት እንደነበረው ሜትር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የእኛ ግቢ ገና አልተወሰነም። የሚኒያፖሊሱ በፎቁ ተስማምቷል፤ እንዲያውም ላይኛውን እኔ ልውሰድ እያለ ነው፤ ለምን እንደሆነ ባይገባኝም፣ በዓመት አንዴ ለማይመጣበት። ታላቅየው ነገሩን ለማዘጋጃ ቤት ጠይቄ ልምጣ ብሎ ቀጠሮ ይዟል። እኅታችን የተስማማችው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጌሾው እንዳይቆረጥ። ለክታዋለች፤ 4 ካሬ ነው የያዘው ትላለች።